አውጉስት ፎን ቫሰርማን

አውጉስት ፓውል ፎን ቫሰርማን (ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1866 – ማርች 16 ቀን 1925 እ.ኤ.አ.) የጀርመን ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ቂጥኝን በደም ለመለየት በተሠራውና በስሙ በሚጠራው የቫሰርማን ምርመራ ነው። ምርመራው ምንም ሕመም የማይሰማቸው እናቶች ቂጥኝ ሊኖርባቸው እንደሚችል በማሳየቱ፣ በሽታው ወደ ልጅ ስለሚተላለፍበት መንገድ ሲታመን የኖረውን ለውጧል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወቱ

ቫሰርማን የተወለደው በባቫሪያ፣ ባምበርግ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በኤርላንገን፣ በቪየና፣ በሙኒክና በስትራስቡርግ ሕክምና ተምሮ በ1888 ተመረቀ። ከዚያም በርሊን በሚገኘው የሮበርት ኮኽ ተቋም ገብቶ ለብዙ ዓመታት ሠራ። በ1913 በዳህሌም የካይዘር ቪልሄልም የሙከራ ሕክምና ተቋም ዳይሬክተር ሆነ፤ በርሊን ውስጥም አረፈ።

የቫሰርማን ምርመራ

የቂጥኝ ጀርም በ1905 በሻውዲንና በሆፍማን ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ቫሰርማን፣ የጨብጥ ባክቴሪያን ያገኘው አልበርት ናይሰርና ካርል ብሩክ የደም ምርመራውን ይፋ አደረጉ። መሠረቱ ቦርዴና ዣንጉ ቀደም ብለው የደረሱበት ግኝት ነበር። ጸረ-አካል ከሚያጠቃው ነገር ጋር ሲጣበቅ፣ ኮምፕሊመንት የሚባለውን በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ይጠቀምበታል። ስለዚህ የታካሚው የደም ውሃ በቂጥኝ ከተበከለ አካል ከተዘጋጀ ጭማቂ ጋር ይቀላቀላል፤ ኮምፕሊመንቱ ካለቀ በኋላ የሚጨመሩት የበግ ቀይ የደም ሴሎች ሳይፈርሱ ይቀራሉ። ያልፈረሱ ሴሎች ማለት ቂጥኝ አለ ማለት ነበር።

ያ ጭማቂ የተዘጋጀው በቂጥኝ ምክንያት ሞተው ከተወለዱ ሕፃናት ጉበት ነው፤ በእነሱ ጉበት ውስጥ ጀርሙ እጅግ ብዙ ነበርና። ብዙም ሳይቆይ ግን ከጤነኛ አካል፣ ለምሳሌ ከበሬ ልብ የወጣ ጭማቂም እንደሚሠራ ታወቀ። ምርመራው የሚለየው ጀርሙን ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ባለ የስብ ዓይነት ላይ የሚነሣ ጸረ-አካልን ነበር። ቫሰርማን ትክክለኛ መሣሪያ ያገኘው በተሳሳተ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

እርግዝናና ያልተጠበቀ ውጤት

የደብሊኑ ሐኪም አብርሃም ኮልስ በ1837 አንድ እንግዳ ነገር መዝግቦ ነበር። ቂጥኝ ያለበትን ሕፃን ሌላ ሴት ብታጠባው ጡቷ ይቆስላል፤ ጤነኛ የምትመስለው እናቱ ግን ምንም አትሆንም። ሐኪሞች ለብዙ አሥርተ ዓመታት እናቲቱ በሽታውን የምትቋቋም ናት፣ ሕፃኑም በቀጥታ ከአባቱ ወርሶታል ብለው ያስረዱ ነበር። የእነዚህ እናቶች ደም በቫሰርማን ዘዴ ሲመረመር ግን ብዙዎቹ ቂጥኝ እንዳለባቸው ታየ። በሽታው በእናቲቱ ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ተደብቆ፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፍ ነበር። ውርጃ ወይም ሞቶ መወለድ ሊያስከትልም ይችላል።

ከ1910 ጀምሮ ሳልቫርሳን፣ ከ1943 ጀምሮ ደግሞ ፔኒሲሊን ለሕክምና ሲውል ቀድሞ ማወቅ ትርጉም አገኘ። በአሜሪካ ኒው ዮርክና ሮድ አይላንድ በ1938 ነፍሰ ጡሮች ለቂጥኝ እንዲመረመሩ በሕግ ደነገጉ።

ችግሩ ምርመራው ሊሳሳት መቻሉ ነው። ወባ፣ የሥጋ ደዌ፣ አንዳንዴም እርግዝናው ራሱ ቂጥኝ በሌለበት ደም ላይ አለ የሚል ውጤት ያመጣሉ። በ1949 የጀርሙን ጸረ-አካል ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ እስኪሠራ ድረስ፣ ብዙ ሰዎች የሌለባቸው በሽታ አለባችሁ ተብለዋል።

ዛሬ የቫሰርማን ምርመራ ራሱ ከአገልግሎት ወጥቷል፤ በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የሚታወቁት ቪዲአርኤልና አርፒአር ግን ያንኑ የስብ ጸረ-አካል የሚለኩ ተከታዮቹ ናቸው። ለምሳሌ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አፋር በሚወርደው ወባማ ቆላ የምትኖር ነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ውጤት ቢደርሳት፣ በሁለተኛ ዓይነት ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። ቂጥኙ ካለ በቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል፤ ጽንሱን በሚገባ እንዲከላከል ከመውለዷ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት መጀመሩ ይመረጣል። ባሏም አብሮ ይመረመራል። ድብቅ ቂጥኝ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ውጤቱ ብቻውን በሽታው መቼ ወይም ከማን እንደመጣ አይናገርም።