ጆርጅ ስድስተኛ

ጆርጅ ስድስተኛ (ዲሴምበር 14 ቀን 1895 – ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1952 እ.ኤ.አ.) ከ1936 ጀምሮ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ የእንግሊዝ ንጉሥ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ የመጀመሪያ ስማቸው አልበርት ነበር። በልጅነታቸው ይንተባተቡ ነበር፤ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ስለሚገጥምም እግራቸውን የሚያቀና ማሰሪያ ይታሰርላቸው ነበር። ዙፋን ይወርሳሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ የነገሡት ታላቅ ወንድማቸው ኤድዋርድ ስምንተኛ በዲሴምበር 1936 ዙፋኑን ስለ ለቀቁ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ዘመናቸው ከጣሊያን ወረራ ማብቂያ ጋር ይያያዛል። በጃንዋሪ 1941 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገቡ። በኦርድ ዊንጌት (አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት በስማቸው የተሰየመላቸው) የሚመራው የጌድዮን ጦርም ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ በማርች ወር ጣሊያኖችን ከቡሬ አስለቅቆ ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ ገፋ።

የእግር ሕመም

ንጉሡ እንደ አባታቸውና እንደ አያታቸው ብዙ ሲጋራ ያጨሱ ነበር። በ1948 እግራቸው ይደነዝዝና ይቆረጥማቸው ጀመር። በኖቬምበር የመረመሯቸው ሐኪሞች ወደ እግር ደም የሚያደርሱት ደም ቅዳ ቧንቧዎች መጥበባቸውን አወቁ። ቀኝ እግራቸው በጋንግሪን ተመርዞ ይቆረጣል የሚል ስጋት ነበር። ልጃቸው ኤልሣቤጥ ለመውለድ ተቃርበው ስለነበር እስኪገላገሉ ድረስ አልተነገራቸውም። ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሊደረግ የታሰበው ጉዞም ቀረ።

በማርች 1949 ፕሮፌሰር ጄምስ ሊርመንዝ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀዶ ጥገና አደረጉላቸው። ሕክምናው ቧንቧዎቹን የሚያጠብቡትን ነርቮች ከወገብ አካባቢ መቁረጥ ነበር። እግሩ ተረፈ። ይሁን እንጂ ነርቭ መቁረጥ የተደፈነ ቧንቧ አይከፍትም፤ የሲጋራ ጭስም የሚጎዳው የእግርን ቧንቧ ብቻ ሳይሆን የልብንም ጭምር ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቅድሚያ የሚመከረው ማጨስ እንዲያቆም፣ ባቱ እስኪቆረጥመው ተራምዶ ካረፈ በኋላ መልሶ እንዲራመድ፣ ቁስል እንዳያመልጠውም እግሩን በየቀኑ እንዲያይ ነው። በጊዜው ግን ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዘው የዶልና የሂል ጥናት ራሱ የታተመው ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ በ1950 ነበር።

ፍጻሜ

በሴፕቴምበር 1951 በካንሰር ምክንያት ግራ ሳንባቸው ወጣ፤ ሕዝቡ ግን የበሽታው ስም አልተነገረውም። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1952 ሳንድሪንግሃም ውስጥ በተኙበት የልብ ደም ቅዳ ቧንቧ በረጋ ደም ተደፍኖ ሞቱ። ዕድሜያቸው 56 ነበር። የ25 ዓመቷ ኤልሣቤጥ መርዶውን የሰሙት ለጉብኝት በሄዱበት በኬንያ ነው።