የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዕለት ሥርዓት

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ሲኖር ከኀሳብ ነጻ ሆኖ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ገበሬው ስለ ዝናሙ፥ ነጋዴው ስለ ገበያው፥ እናት ስለ ልጆችዋ ትጨነቃለች። ብዙዎቻችንም ጭንቀታችን የሚቀልልን ነገሩ ሁሉ እንደ ፈቃዳችን ሲሆን ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ሁሉ እንደ ፈቃዱ የሆነለት ሰው፥ ንጉሥም ቢሆን፥ አልተገኘም። ለሰው የተሰጠው የሚመጣውን ዘመን መግዛት ሳይሆን የዛሬዋን ዕለት በሥርዓት ማሳለፍ ነው። ይህንንም ለማስረዳት የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ሕይወት በአጭሩ እንመለከታለን።

ሣህለ ሥላሴ ከመንዝ ከተነሣው ከነጋሲ ክርስቶስ ዘር የሚወለድ ሲሆን አባቱ ወሰን ሰገድ፥ እናቱ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ይባላሉ። በ1805 ዓ.ም. ገደማ አባቱ በሰው እጅ ሲገደል እርሱ ገና ወጣት ሆኖ በሰላ ድንጋይ በትምህርት ላይ ነበረ። ታላቅ ወንድሙ በኩሬ በዚያን ጊዜ በመርሐ ቤቴ ስለ ነበረ፥ እርሱ ከመድረሱ በፊት ሣህለ ሥላሴ ወደ ቁንዲ ገሥግሦ በመንዝ ዘመዶቹ ረዳትነት የአባቱን መንበር ያዘ። በኩሬና ሌሎቹ ወንድሞቹም እንደ ዘመኑ ልማድ በጎንቾ አምባ ታሰሩ።

እንግዲህ የዚህን ወጣት ልብ እናስተውል። የአባቱ ደም ገና አልደረቀም፤ ወንድሞቹ በእርሱ ትእዛዝ በሰንሰለት ናቸው። ከዚያም በኋላ መዶቆ የተባለው የታመነ የጦር አለቃው ሸፈተበት። በ1821 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ ታላቅ ረኃብ ሆኖ ብዙ ሰው አለቀ፤ ወረርሽኝ በሽታም ተከተለ። ንጉሡ አንድ ዐይኑ የጠፋ ሰው ነበረ፤ ሕመምን እጅግ ከመፍራቱም የተነሣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ መድኃኒት ይጠይቅ እንደ ነበር ያዩት ሰዎች ጽፈዋል። ከዚህ የምንረዳው በውስጡ ፍርሃት የሌለበት ሰው እንዳልነበረ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ዕለቱን እንዲነጥቀው አልፈቀደም። በ1831 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ሚስዮናዊው ክራፕፍና በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ሐሪስ ስለ ንጉሡና ስለ አኗኗሩ ብዙ ነገር መዝግበዋል። ከዚህም እንደምንረዳው ንጉሡ በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ ዳዊት ይደግም ነበር፤ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሲነጋ ፈረሶቹንና የአንጥረኞችን የሥራ ቤት በዐይኑ ይጐበኛል። ቀጥሎም ለፍርድ ተቀምጦ የባላገሩን አቤቱታ ይሰማል፤ ምሳውንም የሚበላው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ከሰዓት በኋላ ነበረ።

ይህ ሥርዓት ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ኀሳብ የሚበረታው በሌሊት እንደ ሆነ በአልጋው ላይ ሲገላበጥ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ንጉሡ ያችን ሰዓት ለጭንቀት አልተዋትም፤ ለጸሎት ሰጣት እንጂ። ሥራውን በዐይኑ ማየቱም ከወሬና ከሐሜት ጠበቀው፤ ያላየነው ነገር በልባችን ውስጥ ካለው ልክ በላይ ይገዝፋልና። አቤቱታን በየጊዜው መስማቱ ደግሞ የዛሬው ነገር በነገው ላይ እንዳይከመር አደረገ። ረኃብን ማስቀረት አልቻለም፤ ጐተራውን መክፈት ግን በእጁ ነበረ፥ ከፈተውም።

ሆኖም እውነቱን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሌሊት ተነሥቶ መጸለይ፥ ቀንም በሥርዓት መዋል መልካም ሲሆን፥ በጎንቾ አምባ የታሰሩት የሥጋ ዘመዶቹ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ በዚያው ነበሩ። ወንድሙን አስሮ የሚያድር ሰው እርሱ ራሱም በፍርሃት የታሰረ ነው። የሌሊቱ ዳዊት ልቡን ቢያሳርፈውም የዚያን አምባ በር በራሱ ሊከፍተው አልቻለም፤ ይህን የሚያደርገው የንጉሡ እጅ ብቻ ነበረ። በመጨረሻም እንግሊዞች በሸዋ ሳሉ፥ ሐሪስም ስለ እስረኞቹ እየለመነ፥ ንጉሡ ከሠላሳ ዓመት ገደማ እስራት በኋላ ዘመዶቹን ፈታ። ዘግይቷል፤ ግን በሕይወቱ ሳለ አደረገው።

በ1840 ዓ.ም. ሲያርፍ መንግሥቱን ለልጁ ለኃይለ መለኮት አወረሰ። የልጅ ልጁም በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ተብሎ በኢትዮጵያ የነገሠው ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ እኛ የምንፈርድለት አገር፥ የምንጐበኘው ግምጃ ቤት የለን ይሆናል። ነገር ግን በመንዝና በግሼ ደጋ ከውርጭ ጋር የሚታገለው ገበሬም፥ በከተማ በጽሕፈት ቤት የሚውለው ሠራተኛም ቢሆን፥ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ጋር ተሰጥቶታል። በአንድ በተወሰነ ሰዓት እንነሣ። ሥራ ሳንጀምር፥ ወሬም ሳንሰማ፥ ከዳዊት ቢያንስ አንድ ንጉሥ፥ ይኸውም ዐሥሩን መዝሙር፥ እንድገም። የቤታችንን ነገር ከሌላ ከመስማት በዐይናችን እንየው። ዛሬ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ ለነገ አናሳድረው። ማታም ከመተኛታችን በፊት ያሰርነው ሰው እንዳለ ልባችንን እንመርምር፤ ያኰረፍነው ወንድም፥ ይቅር ያላልነው ጐረቤት፥ የከለከልነው ደመወዝ ቢኖር እንፍታው። ንጉሡ ሠላሳ ዓመት የፈጀበትን እኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልናደርገው እንችላለን። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።