የካላባሩን መርዝ በቤተ ሙከራ የሠሩት ኬሚስት ፐርሲ ጁሊያን

ዶክተር ፐርሲ ላቮን ጁሊያን ሰው ሠራሽ የመድኃኒት ቅመማ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለደረሰበት ዕድገት መሠረት ከጣሉት ኬሚስቶች አንዱ ናቸው። የኢንዛይምን ሥራ በመግታት የሚፈውሰውን ፊዞስቲግሚን የተባለ መድኃኒት ያለ ዕፅዋት እርዳታ በቤተ ሙከራ በመሥራት ሳይንሳዊ ዝናን ያተረፉት እኚህ ሰው፣ ይህንን የሠሩት የቆዳቸው ቀለም የዩኒቨርሲቲውንም የፋብሪካውንም በር በዘጋባቸው ዘመን ነበር።

ጁሊያን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1899 በአሜሪካ አላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው በባርነት የኖሩ ሰው ነበሩ። አባታቸው በባቡር ላይ የፖስታ አገልግሎት ሠራተኛ፣ እናታቸው ደግሞ መምህርት ሲሆኑ፣ ስድስት ልጆቻቸውን በሙሉ ለኮሌጅ ያበቁ ወላጆች ናቸው። በወቅቱ በሞንትጎመሪ ጥቁር ልጆች ከስምንተኛ ክፍል በላይ የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ወጣቱ ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1916 ኢንዲያና ግዛት ወደሚገኘው ዴፓው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የጎደላቸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጎን ለጎን መማር ግድ ሆነባቸው። ነጭ ተማሪዎች በሚኖሩበት ማደሪያ ጣሪያ ሥር እየተኙ፣ ምድጃ እያነደዱና ምግብ እያስተናገዱ የቆዩት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1920 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ።

ይሁን እንጂ አንደኝነቱ ብዙም አልጠቀማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1923 ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ቢያገኙም፣ ነጭ ተማሪዎች በጥቁር መምህር ሊማሩ አይፈቅዱም በሚል ሥጋት የረዳት መምህርነት ቦታ ተነፈጋቸው። በጥቁሮች ኮሌጆች ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1929 ባገኙት የሮክፌለር ፋውንዴሽን ድጋፍ ወደ ኦስትሪያ አቀኑ። በቪየና ዩኒቨርሲቲ በዕውቁ ኬሚስት ኤርንስት ሽፔት ሥር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1931 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያ ከተማ እንደ ማንኛውም ሰው ኦፔራ ገብተዋል፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጠዋል። በአገራቸው ያላገኙት ነገር ነበር።

ጁሊያን ወደ ዴፓው ተመልሰው የጀመሩት ምርምር የካላባር ባቄላ በመባል የሚታወቀውን የምዕራብ አፍሪካ ተክል የሚመለከት ነው። ዛሬ በናይጄሪያ ክልል በሚገኘው ካላባር አካባቢ የኤፊክ ሕዝብ ይህንን ባቄላ ለፍርድ ይገለገልበት ነበር። በወንጀል የተጠረጠረ ሰው የባቄላውን ጭማቂ እንዲጠጣ ይደረጋል፤ ካስመለሰውና ከተረፈ ንጹሕ ነው ይባላል፣ ከሞተ ደግሞ ጥፋተኝነቱ እንደተረጋገጠ ይቆጠራል። የስኮትላንድ ሐኪሞች በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባቄላውን መመርመር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1864 መርዙ ተለይቶ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1877 ደግሞ ግላኮማ ለተባለው የዓይን በሽታ ማከሚያ ሆነ።

አንድ ንጥረ ነገር መርዝም መድኃኒትም የሚሆንበት ምክንያት በኢንዛይም ሥራ ይገለጻል። ነርቭ ጡንቻን ወይም ዕጢን ሲያዝዝ አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል ይለቃል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ አሴቲልኮሊንኢስትሬዝ የሚባለው ኢንዛይም መልእክተኛውን በቅጽበት ሰባብሮ ያስወግደዋል። ፊዞስቲግሚን በኢንዛይሙ ላይ ተጣብቆ ይህንን ሥራ ለጊዜው ይገታል። በዚህም መልእክተኛው ሳይፈርስ ይቆያል። በዓይን ላይ ጥቂት ጠብታ ሲደረግ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ በውስጥ የታቆረው ፈሳሽ መውጫ ያገኛል፣ ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገውም ግፊት ይቀንሳል። መጠኑ ሲበዛ ግን ያው መልእክት ያለ ማቋረጥ እየተላለፈ እስትንፋስንና ልብን ያቆማል። በአገራችን አስተናግር ተብሎ የሚታወቀው ተክል መርዝ ደግሞ በተቃራኒው የአሴቲልኮሊንን መልእክት የሚያግድ በመሆኑ፣ ፊዞስቲግሚን ለዚያ ዓይነቱ መመረዝ ማርከሻ ሆኖ ያገለግላል።

የፊዞስቲግሚን ኬሚካዊ መዋቅር እ.ኤ.አ. በ1925 ቢታወቅም ከቀላል ኬሚካሎች ተነሥቶ የሠራው አልነበረም። ጁሊያን ከቪየና ከመጡት ባልደረባቸው ከጆሴፍ ፒክልና ከተማሪዎቻቸው ጋር ሲሠሩ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሰር ሮበርት ሮቢንሰን የሚመራው ቡድን ወደ መጨረሻው ደረጃ መቃረቡን በተከታታይ ጽሑፎች እያሳወቀ ነበር። ሮቢንሰን በዘመኑ ከነበሩ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሊቃውንት ቁንጮው ሲሆኑ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1947 የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። የጁሊያን ውጤት ግን ከእርሳቸው ጋር አልተስማማም። በዚህን ጊዜ ጁሊያን ዝም ማለትን ወይም ማለሳለስን አልመረጡም፤ የኦክስፎርዱ ውጤት ስሕተት መሆኑን በአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር መጽሔት ላይ በይፋ ጻፉ። ቋሚ የሥራ ቦታ እንኳ ያልነበራቸው ሰው ተሳስተው ቢገኙ የሙያ ሕይወታቸው በዚያው ያከትም ነበር። ዳኛው የመቅለጫ ነጥብ ሆነ። ጁሊያን የሠሩት ቅምር ከተፈጥሮው ባቄላ ከተገኘው ጋር በእኩል ሙቀት ቀለጠ፣ የኦክስፎርዱ ግን አልተመሳሰለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የፊዞስቲግሚን ሙሉ ቅንብር ተጠናቀቀ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አና ሮዜል ጆንሰንን አገቡ፤ ባለቤታቸውም በሶሺዮሎጂ ዶክትሬት ያገኙ ምሁር ነበሩ። ዴፓው ግን በዚህ ሁሉ ዝና መካከል ጁሊያንን በመምህርነት ለመቅጠር ፈቃደኛ አልሆነም፤ ጥያቄው ቢቀርብም የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አልተቀበለውም። የዱፖንት ኩባንያ ፒክልን ቀጥሮ እርሳቸውን ተወ። አፕልተን በተባለች የዊስኮንሲን ከተማ ያለ የወረቀት ምርምር ተቋም ሊወስዳቸው ቢያስብም፣ ጥቁር ሰው በከተማዋ እንዳያድር የሚከለክል ደንብ እንቅፋት ሆነ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1936 በቺካጎ የሚገኘው ግሊደን ኩባንያ የአኩሪ አተር ምርምር ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሾማቸው።

አኩሪ አተር ራሱ ከኢንዛይም አጋጆች ጋር የተሳሰረ እህል ነው። በጥሬው ፕሮቲንን ለመፍጨት የሚያገለግለውን ትሪፕሲን የተባለ የአንጀት ኢንዛይም የሚገታ ፕሮቲን ይዟል፤ ይህንን ፕሮቲን ሞሰስ ኩኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1945 በንጹሕ መልኩ ለይተውታል። አኩሪ አተር ለምግብም ሆነ ለመኖ ከመዋሉ በፊት በሙቀት የሚበስለው አጋጁ ፕሮቲን እንዲፈርስ ነው። የጁሊያን ክፍል ከአኩሪ አተር ፕሮቲን የወረቀት መለሰኛ ያመረተ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመርከቦች ላይ የነዳጅ ቃጠሎን ለማጥፋት የዋለው አረፋም መነሻው ይኸው ፕሮቲን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ዘይት በተከማቸበት ጋን ውስጥ ውኃ ገብቶ ነጭ ዝቃጭ ተፈጠረ። ሌላ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚደፋውን ዝቃጭ ጁሊያን ስቲግማስትሮል መሆኑን ዐወቁ። ከዚያ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ማምረት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ ከኮርቲዞን በአንድ የኦክስጅን አተም ብቻ የሚለየውን ቅምር በቀላሉ ለመሥራት የሚያስችል ዘዴ አበረከቱ። ኮርቲዞን ያን ጊዜ ለመገጣጠሚያ ብግነት የተገኘ አዲስና እጅግ ውድ መድኃኒት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950 የቺካጎ ሰን ታይምስ ጋዜጣ የዓመቱ የቺካጎ ሰው ብሎ ሰየማቸው። በዚያው ዓመት ኦክ ፓርክ በተባለው የነጮች መንደር ቤት ሲገዙ፣ ገና ሳይገቡበት በእሳት ሊያጋዩት ተሞከረ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1951 ልጆቻቸው በቤት ውስጥ እያሉ ዲናሚት ተወረወረ። ቤተሰቡ አልለቀቀም፤ ጎረቤቶችም በብዛት ከጎኑ ቆሙ።

ጁሊያን በኋላ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ1961 በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ሲመረጡ ከጥቁር ኬሚስቶች የመጀመሪያው ነበሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 1975 በጉበት ካንሰር ዐረፉ። ለአልዛይመር ሕመምተኞች የሚታዘዘው ሪቫስቲግሚን ከፊዞስቲግሚን መዋቅር ተነሥቶ የተሠራ መድኃኒት ነው። ዴፓው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980 የሳይንስና የሒሳብ ሕንፃውን በጁሊያን ስም ሲሰይም፣ የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊዞስቲግሚን የተሠራበትን ሥራ በብሔራዊ የኬሚስትሪ ቅርስነት መዝግቧል።