ሰውና መሣሪያ የሚግባቡበትን መንገድ የፈለገው ኖርበርት ዊነር

ዛሬ በአንዳንድ ፋብሪካዎች ውስጥ ሮቦት ከሠራተኛው ጎን ሆኖ ዕቃ ያቀብላል። ሰው ከነካው ወዲያው ይቆማል። እንዲህ ያለው መግባባት ከመምጣቱ በፊት ነገሩን አጥብቆ ያሰበበት አንድ የሒሳብ መምህር ነበር።

ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ተወለደ። አባቱ በሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ የቋንቋ መምህር ነበር። ልጁን ቤት ውስጥ ሲያስተምረው በተሳሳተ ቁጥር ይቆጣው ነበር። ስምንት ዓመት ሲሆነው ዓይኑ ደከመና ሐኪም ለስድስት ወር ማንበብ ከለከለው። ትምህርቱ ግን አልቆመም፤ በጆሮው እየሰማ ሒሳቡን በቃሉ መሥራት ለመደ። በ14 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ18 ዓመቱ ዶክትሬቱን አገኘ። እ.ኤ.አ. ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አስተማረ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት አውሮፕላን ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ የሚያሰላ መሣሪያ ለመሥራት ደከመ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሰውም ሆነ መሣሪያ ሥራውን የሚያቃናው ውጤቱን መልሶ እያየ መሆኑን ተረዳ። ብርጭቆ ለማንሳት እጃችንን ስንዘረጋ ምን ያህል እንደቀረን የሚነግረን ዓይናችን አይደለም እንዴ? ይህ ግብረ መልስ ይባላል። ዊነር እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ይህን ጥናት ሳይበርኔቲክስ አለው፤ ቃሉ የመርከብ መሪ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ዕውቀቱ ግን ዝም አላሰኘውም። እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ለጦር መሣሪያ ሥራ ዕውቀቱን እንደማይሰጥ በይፋ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ለአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር መሪ ለዋልተር ሮይተር ደብዳቤ ጽፎ፣ በራሳቸው የሚሠሩ መሣሪያዎች ሠራተኛውን ከእንጀራው እንዳያፈናቅሉት ከወዲሁ እንዲታሰብበት አስጠነቀቀ። በዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍም ሰው የመሣሪያ ዕቃ መሆን እንደሌለበት አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ በ69 ዓመቱ አረፈ።

ሮቦት የሠራተኛውን እጅ ካላየ ሰው ይጎዳል። እኛም ጀርባችንን ለተማሪ ሰጥተን ሰሌዳ ብቻ ብንሞላ፣ የገባውንና ያልገባውን በምን እናውቃለን? ነገ ክፍል ስንገባ መናገር ብቻ ሳይሆን መስማትም ሥራችን መሆኑን አንርሳ።