ከሰባት የግድያ ሙከራ የተረፉት የሠራተኞች መሪ

የእኛ የጎጃም ሲራራ ነጋዴ ድሮ ከባሶ ገበያ ተነስቶ፣ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ዛሬ የምናወራችሁ በዚያው በኤርትራ ሠራተኞችን ስላደራጁት አቶ ወልደአብ ወልደማርያም ነው።

በ1897 ዓ.ም. ሰራዬ ውስጥ ዓዲ ዛርና ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከትግራይ የሄዱ ናቸው፤ እሳቸው ግን ለኤርትራ ነፃነት ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቻቸው ታዲያ ትውልዳቸውን እየመዘዙ ይሰድቧቸው ነበር። መምህር ነበሩ፣ በእንግሊዞች ጊዜ ደግሞ የትግርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ።

መስከረም 1945 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። ሠራተኞቹም ማኅበር አቋቁመው እሳቸውን ፕሬዚዳንት አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር ላይ፣ በጥይት ተመቱ። ልብ በሉ፣ በሕይወታቸው ከተቃጡባቸው ሰባት የግድያ ሙከራዎች የከፋው ይሄ ነው! ወራት ሆስፒታል ተኝተው ዳኑና ካይሮ ተሰደዱ፤ ከዚያ በሬዲዮ መናገር ጀመሩ። ማኅበሩም አልሰነበተም። በ1950 የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ ተተኮሰበት፣ ማኅበሩም ታገደ።

እኛን የሚገርመን 1955 ነው። ኅዳር ላይ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። አስመራ ላይ ያስተኮሰው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው።

አቶ ወልደአብ አስመራ የተመለሱት አርጅተው ነው። ግንቦት 1987 እዚያው አረፉ።