የእንዶዱ ሊቅ አክሊሉ ለማ

ረመዳን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በየቤቱ አንድ ሥራ ይበዛል፤ እጥበት። ነጠላው፣ ጀለቢያው፣ የልጆቹ ልብስ ለዒድ ንጹሕ ሆኖ መድረስ አለበት። ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሾኔ የድፍንና የዱቄት ሳሙና ከየሱቁ አይጠፋም። ሳሙና እንዲህ ከመርከሱ በፊት ግን የደጋውና የወይና ደጋው እናት ጋቢና ነጠላ የምታነጻው በእንዶድ ነበር። ዛሬ በዚህ ገጻችን የምናስታውሳቸው ሰው ያን የእናቶች እንዶድ ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቁትን ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪካቸውን ለመረዳት አስቀድመን ሳሙና ምን እንደሆነ እንይ። ሳሙና ከሁለት ነገር ይሠራል፤ ከቅባትና ከአልካሊ። አልካሊው ጥንት ከአመድ ይጠለል ነበር፤ ዛሬ ኮስቲክ ሶዳ ተክቶታል። ሁለቱ ሲዋሐዱ ቅባቱ ይፈርስና ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣል። የቅባቱ ዓይነት የሳሙናውን ጠባይ ይወስናል። ሞራ ጠንካራ ሳሙና ይሰጣል፤ የኮኮናት ዘይት ቶሎ አረፋ ያወጣል፤ እንደ ኑግና ተልባ ያለው ዘይት ብቻውን ሲሆን ሳሙናው ይለሰልሳል። በሙስሊሙ ዓለም ስመ ጥር የሆኑት የሐለብና የናብሉስ ሳሙናዎች የወይራ ዘይት ውጤቶች ናቸው። ሳሙና እድፍ የሚያስለቅቀው አንዱ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን ስለሚወድ ነው። በቅባቱ ጫፍ እድፉን ይይዛል፤ በውኃው ጫፍ ደግሞ ይዞት ይሄዳል።

እንዶድ ዘይትም አመድም አይፈልግም። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሳፖኒን እንደ ሳሙና ሁለት ጠባይ አለው፤ የስኳሩ ክፍል ውኃን፣ ሌላው ክፍሉ ቅባትን ይወዳል። እናቶች ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው በቀዝቃዛ ውኃ ሲዘፈዝፉት በውስጡ ያለ ኤንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ብርቱ መልኩ ይለውጠዋል። የፈላ ውኃ ግን ኤንዛይሙን ይገድለዋል። የእናቶቹ ዘዴ ትክክል መሆኑን ኬሚስቶች ያረጋገጡት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አክሊሉ ለማ በ1935 በሐረርጌ ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት በ1964 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ገና 30 ሳይሞላቸው ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ነበሩ። ቢልሃርዚያ ከሕመምተኛ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውኃ ውስጥ ከሚገባ እንቁላል ይነሳል። የተፈለፈለው ትል በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የነካ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ወንዝ ወርዶ የሚታጠብ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ የሚዋኝ ልጅ ሁሉ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አክሊሉ ወንዙን ሲመረምሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው የቤተ ሙከራ ሥራ ነበር። በአንድ ሚሊዮን እጅ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 እጅ የሚሆን የደረቀ የእንዶድ ዱቄት በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከ1969 ጀምሮ ለ5 ዓመታት በአድዋ በተካሄደው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከባልደረቦቻቸው ጋር ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡትም በስማቸው ሌማቶክሲን ተባለ። የእፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ምርቱም ኃይሉም የላቀውን ዓይነት 44ን መረጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንዶድ ከወንዝ ዳር ወደ ጤና መርሐ ግብር አልተሻገረም። በዘመኑ የቀንድ አውጣ መድኃኒት ተብሎ የሚታወቀው ባዬር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ባይሉሳይድ ነበር፤ ለድሃ አገር ዋጋው ከባድ ነው። እንዶድ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት አልበቃቸውም። በታወቁ የውጭ ቤተ ሙከራዎች የመርዛማነት ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ፤ ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ ግን ለረጅም ዓመታት አልተገኘም። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ረድቶ ምርመራው ሲካሄድ፣ ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ ከማቃጠሉ በቀር ለሰው የሚያሰጋ አልሆነም። ይህን ትውልድ ሲያጥብበት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

እንዶድ እንከን የለሽ ነው አንልም። ዓሣንም ይገድላል፤ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አያጠፋም፤ በውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስም ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። በመካከሉም ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጣና ዓለም ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ክኒኑ ሕመምተኛውን ይፈውሳል፤ ልጁ ነገ ወደዚያው ውኃ ሲመለስ ግን ቀንድ አውጣው እዚያው ይጠብቀዋል።

አክሊሉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ አገልግለዋል፤ በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከልም ሠርተዋል። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንዶድ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን የሜዳ አህያ መልክ ያለውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። የባለቤትነት መብቱ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። የኢትዮጵያ እናቶች ዕውቀት የማን ነው የሚለው ክርክርም ያኔ ተነሳ፤ እስከ ዛሬም ስለ አገር በቀል ዕውቀት ሲወራ ይጠቀሳል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

እንዶድ ደጋና ወይና ደጋ የሚስማማው ተክል ነው፤ የሐዲያና የከምባታ አየርም የሚመቸው ነው። በዚህ ሰሞን አንዲት አያት ጋቢ በእንዶድ ሲያጥቡ ያየ ወጣት ቢኖር፣ ጎንበስ ብሎ ስለ አዘገጃጀቱ ይጠይቃቸው። ለምን በቀዝቃዛ ውኃ እንደሚዘፈዝፉት፣ የትኛው ፍሬ እንደሚሻል ይነግሩታል። አክሊሉ ለማ ከዚያ የበለጠ መነሻ አልነበራቸውም።