ከክር ማጠንጠኛ ፋብሪካ እስከ ራዳር፦ የፐርሲ ስፔንሰር ሕይወት

ፐርሲ ስፔንሰር እ.ኤ.አ በ1894 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ ሀውላንድ በተባለች የገጠር ከተማ ተወለዱ። የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ሳሉ አባታቸው ሞቱ፤ እናታቸውም ለአክስታቸው ትተዋቸው ሄዱ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ያሳድጓቸው የነበሩትን የአክስታቸውን ባል ሞት ነጠቃቸው። በ12 ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው የክር ማጠንጠኛ እንጨት በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠሩ።

በ16 ዓመታቸው በአቅራቢያቸው ያለ የወረቀት ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሊያስገባ መሆኑን ሰሙ። ኤሌክትሪክ በዚያ ገጠር ገና ብርቅ ነበር። ስለ ሙያው ያገኙትን ሁሉ አንብበው ተቀጠሩ፤ ሥራውንም እየሞከሩ ተካኑበት። በ18 ዓመታቸው የባሕር ኃይልን ተቀላቅለው የገመድ አልባ ራዲዮን ሙያ ያዙ። ሌሊት በጥበቃ ተረኛነት ሳሉ መጻሕፍት እያነበቡ ሒሳብንና ፊዚክስን ራሳቸውን አስተማሩ።

በ1920ዎቹ ሬይቲዮን የተባለውን ኩባንያ ተቀላቀሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የዚያ ዘመን ብርቱ ጥያቄ ራዳር ነበር። ራዳር እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ የላከው ሞገድ ከአውሮፕላን ወይም ከመርከብ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ያሉበትን ይጠቁማል። ሞገዱን የሚያመነጨው ማግኔትሮን ግን ከድፍን መዳብ በጥንቃቄ እየተፈለፈለ ስለሚሠራ ምርቱ እጅግ አዝጋሚ ነበር። ስፔንሰር ስስ የመዳብ ቅጠሎችን በማሽን ቆርጦ፣ ደራርቦ የማበየድ ዘዴ አመጡ። በዚህና በሌሎች ማሻሻያዎች የኩባንያው ዕለታዊ ምርት ወደ 2,600 ከፍ አለ። ባሕር ኃይሉም ለዚህ ውለታቸው ከፍተኛ ሽልማት ሰጣቸው።

ጦርነቱ ሊያበቃ አካባቢ በሥራ ላይ ካለ ማግኔትሮን አጠገብ ቆመው ሳለ በኪሳቸው የያዙት ጣፋጭ መቅለጡን እንዳስተዋሉ ይነገራል። ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። የፈንዲሻ በቆሎ አስመጥተው አቀረቡ፤ በቆሎውም ፈነዳ። ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ እያንቀጠቀጠ እንደሚያሞቀው ተረድተው በጥቅምት 1945 የባለቤትነት መብት ጥያቄ አስገቡ።

በ1947 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የማይክሮዌቭ ምድጃ ቁመቱ የሰው ያህል፣ ክብደቱ ከሦስት ኩንታል በላይ ነበር። ዋጋውም ለተራ ቤተሰብ የሚቀመስ አልነበረም። ወደ ቤት ማዕድ ቤት በሰፊው መግባት የጀመረው ከ20 ዓመታት በኋላ፣ በ1967፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው አነስተኛ ምድጃ 495 ዶላር ሲሸጥ ነው።

ስፔንሰር የኩባንያው ከፍተኛ ምክትል ፕሬዚዳንትና የቦርድ አባል እስከ መሆን ደርሰዋል። አንደኛ ደረጃን እንኳ ላልጨረሱት መሐንዲስ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት አበረከተላቸው። ለጦርነት የተሠራው መሣሪያ የሰው ቤት እራት ሲያሞቅ ለማየት በቅተው፣ በ1970 በ76 ዓመታቸው አረፉ።